አሮጌዋ ክፍት አውቶሞቢል፦ ሀብት ናት ወይስ ጌጥ?

ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተምሥራቅ፣ ቀድሞ የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ሰፍሮበት በነበረው በኢስትሊ፣ መኪና የምትመዘነው በዕለት ገቢዋ ነው። ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች ኬንያዊውን፣ ሶማሌውንና ኢትዮጵያዊውን ነጋዴ ከነሸክሙ ሲያመላልሱ ይውላሉ፤ ቆማ የዋለች መኪና ለባለቤቷ ኪሳራ ናት። በዚያው ከተማ፣ በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረ የመኪኖች የውበት ውድድር አለ። በዚያ ደግሞ ዳኞች ጎንበስ ብለው ከሻሲው ሥር እድፍ ይፈልጋሉ።

ውድ አንባብያን፣ ከሁለቱ ሚዛኖች የትኛው ይበልጣል? ጥሪቱን በአሮጌ መኪና ላይ ለማዋል ለሚያስብ አባወራ ጥያቄው ቀላል አይደለም። የአሜሪካዋ ካዲላክ ኤልዶራዶ ታሪክ ግን ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ኩባንያው ጣራዋ የሚታጠፈው ኤልዶራዶ የመጨረሻዋ አሜሪካዊት ክፍት አውቶሞቢል መሆኗን አስታወቀ። በዚያ ዓመት 14,000 ያህል ተሠሩ፤ የመጨረሻዎቹ 200 ነጭ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። የሞተሯ መጠን 8.2 ሊትር ስለነበረ ቤንዚን አትጠግብም ነበር። ሆኖም ብዙ ሰዎች «ነገ ዋጋዋ ሰማይ ይነካል» በማለት ገዝተው፣ ሳይነዷት ቆልፈው አስቀመጧት። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ክራይስለር ክፍት አውቶሞቢል መልሶ አወጣ፤ በ1984 ደግሞ ራሱ ካዲላክ ተከተለ። የተጠበቀው ትርፍ እንደ ጉም በነነ። ተታለልን ያሉ ገዢዎችም ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው አልተሳካላቸውም።

ከዚህ የምንረዳው፣ የዕቃ ዋጋ በባለቤቱ እጅ አለመሆኑን ነው። በባለቤቱ እጅ ያለው የዕቃው ደኅንነት ብቻ ነው። ክፍት አውቶሞቢል ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ትሻለች። ቋሚ ጣራ ስለሌላት ጥንካሬዋ በወለሏና በሻሲዋ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገዢ ከቀለሙ በፊት ወለሉን ይመርምር። የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ዝገት ከሥር ይበላታል። ሸራው እርጥብ ሳለ ከታጠፈ ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ይሰነጠቃል። ሳትነቃነቅ ከቆመች ጎማዋ ይጎብጣል፣ ባትሪዋ ይሞታል፣ የቆየው ቤንዚን ካርቡራተሯን ይደፍናል። ስለሆነም አልፎ አልፎ መነዳት አለባት።

እንግዲህ የኢስትሊው ሾፌርና የንጎንጉ ዳኛ የተጣሉ ቢመስሉም አይለያዩም። አንዱ መኪና ለመሄድ መሠራቷን፣ ሌላው ንጽሕና ከማይታየው ቦታ መጀመሩን ያስተምሩናል። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ቀለብ ከተሟላ በኋላ፣ በትርፍ ገንዘብ የተያዘች አሮጌ መኪና የቤተሰብ ደስታ ናት። የነገን ኑሮ ተስፋ ሁሉ የተሸከመች እንደ ሆነ ግን ሸክሙ ከአቅሟ በላይ ነው።