ለብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከትና የትምህርት ቤቶቻችን ድርሻ

መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በሚገኙት የምዕራብ ጎጃም ከተሞች፣ ማለትም በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ ተምረው ወደ ብሪታንያ ሄደው ለመማር የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ወጣቶች ስለ ጉዳዩ በመጀመሪያ የሚጠይቁት የቀድሞ መምህራቸውን ነው። መምህሩ የማመልከቻውን ሥርዓት ካላወቀ ግን ተማሪው ወደ ወሬና ወደ ደላላ ይዞራል። በዚህም ምክንያት ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ወይም ተበድሮ ያገኘው ገንዘብ ለከንቱ ሊጠፋ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ የሚቀርበው ማመልከቻ በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚመረመር ማስረዳት ነው። በተለይም ውጤቱ በተማሪው ችሎታ ብቻ ሳይሆን፣ ትምህርት ቤቱ በሚይዘው መዝገብና መምህሩ በሚጽፈው ምስክርነት ጭምር እንደሚወሰን ለማሳየት ይሞክራል።

1. ከመንግሥት ምርጫ ወደ ግል ማመልከቻ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ብሪታንያ የሚላኩትን ተማሪዎች በአብዛኛው የሚመርጠው፣ ወጪያቸውን የሚችለውና ከትምህርት ተቋማቱ ጋር የሚጻጻፈው መንግሥት ነበር። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ሲሆን፣ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት የተዛወሩት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማም በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የተማሩት ከዚያው ዘመን ሳይርቅ ነው። በዚያን ጊዜ እንደ ጄኔራል ዊንጌት ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ተማሪዎች የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ይፈተኑ ነበር። ስለዚህ የያዙት የምስክር ወረቀት በብሪታንያ ያለ ማብራሪያ ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷን የመልቀቂያ ፈተና ማዘጋጀቷ ተገቢ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የተነሣ የምስክር ወረቀታችን በውጭ አገር ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሆኗል። አመልካቹም ዛሬ በአብዛኛው ራሱ ተማሪው ነው። ስለዚህ ቀድሞ መንግሥት ያከናውነው የነበረው የማስረዳት ሥራ በተማሪውና በትምህርት ቤቱ ላይ ወድቋል።

2. ሁለቱ የማመልከቻ መንገዶች

ሀ) ለመጀመሪያ ዲግሪ። ማመልከቻው የሚቀርበው ዩካስ በተባለው ማዕከላዊ ድርጅት አማካይነት ነው። ተማሪው በአንድ ቅጽ እስከ አምስት ምርጫዎች ሊያቀርብ ይችላል። ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምናና ለእንስሳት ሕክምና የሚቀርቡት ምርጫዎች ግን ከአራት አይበልጡም። ለእነዚህ የትምህርት ዘርፎችና ለኦክስፎርድ ወይም ለኬምብሪጅ የሚያመለክት ሁሉ ቅጹን እስከ ጥቅምት 15 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር እስከ ጥቅምት 4 ወይም 5 ድረስ ማስገባት አለበት። ለአብዛኞቹ ሌሎች ትምህርቶች በእኩል የሚታይበት የመጨረሻ ቀን በጥር ወር እ.ኤ.አ. ይውላል። ትምህርቱ የሚጀመረው በተከታዩ የመጸው ወራት ስለሆነ ዝግጅቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ መጀመር ይኖርበታል።

የብሪታንያ ተማሪዎች የመጨረሻ ፈተናቸውን ሳይፈተኑ መምህራን በሚሰጡት የውጤት ግምት ያመለክታሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም በቅድመ ሁኔታ ይቀበላቸዋል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ይህን የመሰለ ግምት የመስጠት ልማድ ስለሌለ፣ ተማሪው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ይዞ በሚቀጥለው ዓመት ቢያመለክት ይሻላል። በተጨማሪም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የ12ኛ ክፍል ውጤትን ብቻ ይዞ የመጣን ተማሪ በቀጥታ ወደ ዲግሪው አያስገቡም። አስቀድሞ ፋውንዴሽን የተባለውን የአንድ ዓመት ትምህርት እንዲጨርስ ወይም በአገሩ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትን እንዲያጠናቅቅ ይጠይቁታል። የመጀመሪያ ዲግሪ በእንግሊዝ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት፣ በስኮትላንድ አራት ዓመት ስለሚወስድ፣ ይህ ተጨማሪ ዓመት ወጪውን ከፍ ያደርገዋል።

ተማሪው ራሱ የሚጽፈው መግለጫም አለ። በ2026 እ.ኤ.አ. ለሚጀመረው ትምህርት ከቀረቡት ማመልከቻዎች አንሥቶ መግለጫው ለሦስት ጥያቄዎች የሚሰጥ መልስ ሆኗል፦ ትምህርቱን ለምን መረጥህ? እስከ አሁን የተማርኸው እንዴት አዘጋጀህ? ከትምህርት ውጭስ ምን አድርገህ ተዘጋጀህ? ጠቅላላ ርዝመቱ ከ4,000 ፊደላት መብለጥ የለበትም። ዩካስ መግለጫዎቹን እርስ በርስ ስለሚያመሳክር ከደላላ የተገዛ ወይም ከሌላ የተገለበጠ ጽሑፍ ሊታወቅ ይችላል።

ለ) ለሁለተኛ ዲግሪ። በዚህ ደረጃ ማመልከቻው በአብዛኛው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይቀርባል። የሚጠየቁት ሰነዶች የዲግሪ ምስክር ወረቀት፣ የውጤት መግለጫ፣ የፍላጎት መግለጫና ብዙውን ጊዜ ሁለት የምስክርነት ደብዳቤዎች ናቸው። ትምህርቱ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ይጠናቀቃል። በአገር ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አመልካች የወጪ መጋራት ግዴታውን ሳይፈጽም ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊውን የውጤት መግለጫ ለማግኘት ስለሚቸገር፣ ይህን ጉዳይ ከማመልከቻው በፊት መጨረስ አለበት።

3. ስም፣ ዘመንና ውጤት

ለገጠር ተማሪ ከሁሉ የሚከብደው የሰነዶቹ አለመጣጣም ነው። አለመጣጣሙም ከሦስት ነገሮች ይመነጫል።

የመጀመሪያው ስም ነው። እኛ በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን፤ የብሪታንያ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ተማሪው በፓስፖርቱ ላይ በየትኛው ረድፍ የትኛው ስም እንደተጻፈ አይቶ፣ ያንኑ ሳይለውጥ መገልበጥ ይኖርበታል። አማርኛው በላቲን ፊደል ሲጻፍም ችግር ይፈጠራል። “ገብረ ጻድቅ” የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ ተያይዞ፣ በሌላው ተነጣጥሎ ይጻፋል፤ “ጻ” በአንዱ በሁለት ፊደል፣ በሌላው በአንድ ይወከላል፤ “ቅ”ም እንደ ጸሐፊው ምርጫ ይለያያል። እኛ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን። ከሩቅ ሆኖ ወረቀቱን ለሚመረምረው ሹም ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ዘመን ነው። በእኛና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ ዲሴምበር 29 ቀን 2005 ነው፤ ጥር 20 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 2006 ይሆናል። ጸሐፊው ወሩን ሳያይ ስምንት ዓመት ብቻ ቢደምር የመጀመሪያውን ልጅ የአንድ ዓመት ስሕተት ያሸክመዋል። ከዚህም ሌላ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት የዛሬ አመልካቾች የልደት ምስክር ወረቀታቸውን የሚያወጡት ካደጉ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ የሚነገረው ቀን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ካለው ጋር መመሳከር አለበት።

ሦስተኛው ውጤት ነው። ያለ ማብራሪያ የቀረበ ቁጥር ለሩቅ አንባቢ ትርጉም የለውም። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የማያውቅ መርማሪ በዚያ ፈተና 60 ከመቶ ያመጣን ተማሪ መካከለኛ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ማብራሪያው አብሮ ከቀረበለት ግን ተማሪው ከብዙዎች ብልጫ ያለው መሆኑን ይረዳል።

4. የመምህሩ ምስክርነት

በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች ልማድ፣ አንድ ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሄድ ወረቀት መያዝ አያስፈልገውም ነበር። አዲሱ መምህር ቅኔ አዘርፎ፣ ጠይቆና አድምጦ ደረጃውን ያውቅለታል። የብሪታንያው ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪውን አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ አስቀምጦ አይፈትነውም። የሚያየው ተማሪው የጻፈውንና መምህሩ የመሰከረለትን ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው የምስክርነት ደብዳቤ “ለሚመለከተው ሁሉ” ብሎ ጀምሮ፣ ተማሪው ጠባየ መልካምና ትጉህ መሆኑን ገልጦ ያበቃል። ይህ ለሥራ ቅጥር ያገለግል ይሆናል፤ ለዩኒቨርሲቲ ግን በቂ አይደለም። የዩካስ የመምህር ምስክርነት ሦስት ክፍሎች አሉት፦

አንደኛው ስለ ትምህርት ቤቱ አጠቃላይ ሁኔታ ነው። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪዎች እንደሚማሩ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት መኖር አለመኖሩ፣ ተማሪዎቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማሩ መሆናቸው እዚህ ላይ ይገለጣል።

ሁለተኛው በተማሪው ትምህርት ላይ ጉዳት ያደረሰ ልዩ ሁኔታ ካለ የሚጻፍበት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ የታወቀ ነው። ተማሪው ትምህርቱን ለምን እንዳቋረጠና በዚያ ጊዜ እንዴት እንዳጠና መምህሩ በግልጽ ካላስረዳ፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ባዶ ዓመት የተማሪው ስንፍና ሊመስል ይችላል።

ሦስተኛው መምህሩ ስለ ተማሪው የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ “ጎበዝ ነው” ከማለት ይልቅ ያደረገውን መናገር ይበልጣል። ለምሳሌ በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግር እየተጓዘ የሚማርና ከሰዓት በኋላ ታናናሾቹን ሒሳብ የሚያስጠና ተማሪ ካለ፣ ይኸው እንዳለ መጻፍ አለበት።

ምስክርነቱን የሚልከው መምህሩ ራሱ እንጂ ተማሪው አይደለም፤ ዘመድም ሊጽፈው አይፈቀድም። በተቻለ መጠን ከትምህርት ቤቱ ኦፊሴላዊ የኢሜይል አድራሻ ቢላክ ተአማኒነቱ ይጨምራል።

5. ገንዘብና ቪዛ

ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ከተቀበለና የሚፈለገው ሁሉ ከተሟላ በኋላ ካስ የተባለውን የቅበላ ማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል። ያለዚህ ቁጥር የተማሪ ቪዛ አይጠየቅም። የእንግሊዝኛ ችሎታ እንደ አይኤልትስ ባለ ፈተና ይረጋገጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይመዝናል። ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተማሪ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል።

ገንዘቡን በሚመለከት ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ተማሪው ካልተከፈለው የትምህርት ክፍያ በተጨማሪ ለመኖሪያ በለንደን በወር 1,529፣ ከለንደን ውጭ 1,171 ፓውንድ ለዘጠኝ ወራት እንዳለው ማሳየት አለበት። ይህም ከለንደን ውጭ 10,539፣ በለንደን 13,761 ፓውንድ ይሆናል። ለጤና አገልግሎት በዓመት 776 ፓውንድ ይከፈላል። ገንዘቡ ሳይጎድል ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ መቀመጥ አለበት። የሒሳቡም ባለቤት ተማሪው ራሱ፣ ወላጁ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊው መሆን ይኖርበታል። በአገራችን አጎትና ዘመድ አዝማድ ተባብሮ ልጅ ማስተማር የተከበረ ልማድ ቢሆንም፣ በአጎት ስም የተቀመጠ ገንዘብ ለዚህ ጉዳይ አያገለግልም። በወላጅ ስም ከሆነም ዝምድናው በልደት ምስክር ወረቀት ይረጋገጣል፤ የአባት ስም አጻጻፍ ጉዳይ እዚህም ላይ ተመልሶ ይመጣል።

እነዚህ መጠኖች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ በማመልከቻው ወቅት ከብሪታንያ መንግሥት መግለጫ ላይ መታየት አለባቸው። “ቅበላም ቪዛም በእርግጠኝነት አስገኛለሁ” የሚል ደላላ ግን በማንኛውም ጊዜ ሊታመን አይገባም። ተማሪ የማስመጣት ፈቃድ ያላቸው ተቋማት ስም ዝርዝር ለሕዝብ ግልጽ ስለሆነ ማንም ሊያመሳክረው ይችላል።

6. የነፃ ትምህርት ዕድል

ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዕድል እጅግ ጥቂት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ግን ይሻላል። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ቼቭኒንግ የትምህርት ክፍያውን፣ የመኖሪያውንና የጉዞውን ወጪ ይሸፍናል። አመልካቹ ከ2,800 ሰዓት ያላነሰ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ እንዲኖረውና ትምህርቱን ሲጨርስ ተመልሶ በአገሩ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ይጠየቃል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ተከፍቶ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። በኮመንዌልዝ ስም የሚሰጠውን ዕድል በሚመለከት፣ ኢትዮጵያ የዚህ ማኅበር አባል ስላልሆነች ተማሪዎቻችን በዚህ ተስፋ ጊዜያቸውን እንዳያጠፉ መንገር ይገባል።

ከዚህ እንደሚታየው፣ ከጅጋ ወይም ከቡሬ ለተነሣ የገበሬ ልጅ ይበልጥ የሚያዋጣው መንገድ የመጀመሪያ ዲግሪውን በአገሩ በጥሩ ውጤት አጠናቅቆ፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማመልከት ነው። ይህ መንገድ የቤተሰብን ጥሪት አይነካም፤ የተማረውንም ሰው ወደ አገሩ ይመልሳል።

7. ለትምህርት ፕላን ባለሙያዎች የሚቀርቡ ሐሳቦች

ሀ) የተማሪው ሙሉ ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ በ9ኛ ክፍል ምዝገባ ጊዜ ከወላጅ ጋር ተወስኖ እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ እንዲያዝ፤

ለ) ማንኛውም የውጤት መግለጫ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር እንዲዘጋጅና የውጤት አሰጣጡ በጀርባው እንዲብራራ፤

ሐ) ትምህርት ቤት ቢዘጋ መዝገቡ እንዳይጠፋ ቅጂው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ፤

መ) የምስክርነት አጻጻፍ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች እንደ አንድ የሙያ ትምህርት እንዲሰጥ፤

ሠ) በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይህን ጉዳይ የሚከታተል አንድ መምህር እንዲመደብ።

ማጠቃለያ

ወደ ብሪታንያ ሄደው የሚማሩት ልጆቻችን ምንጊዜም ጥቂቶች ናቸው። ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ግን ለእነሱ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ስሙ በትክክል የተጻፈ፣ ዕድሜው የተረጋገጠ፣ ውጤቱ የተብራራና መምህሩ በእውነት የመሰከረለት ተማሪ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሥራ ፍለጋ ጊዜ አይንገላታም። አብዛኞቹ ሐሳቦች ብዙ በጀት የሚጠይቁ ስላልሆኑ፣ ትምህርት ቤቶች በመጪው የምዝገባ ወቅት በስም አጻጻፉ ሊጀምሩ ይችላሉ።