ለአካለ መጠን መድረስ፦ ሕጉ፣ ክርክሩና የጤና ባለሙያው ኃላፊነት

ሰው ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሸጋገርበት ዕድሜ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች እንደገና እየተነሣ ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1988፣ ኦስትሪያም በ2007 ለ16 ዓመት ወጣቶች የመምረጥ መብት ሰጥተዋል። የብሪታንያ መንግሥትም በ2025 ተመሳሳይ እርምጃ ለመውሰድ ማቀዱን አስታውቋል። በኢትዮጵያ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመራጩን ዕድሜ 21 ዓመት አድርጎት ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመራጩ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ለመመረጥ ግን ዛሬም 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

ስለ አእምሮ ዕድገት የተደረጉ ጥናቶች ለክርክሩ አንድ ወጥ መልስ አይሰጡም። በተረጋጋ ሁኔታ አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታ በ16 ዓመት ገደማ ከአዋቂዎች ጋር ይቀራረባል። ስሜትንና የእኩዮችን ግፊት የመቋቋም ችሎታ ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ማደጉን ይቀጥላል። ስለዚህ ለምርጫ የሚበቃ ወጣት ለጋብቻም ይበቃል ማለት አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕግም ለልዩ ልዩ ጉዳዮች ልዩ ልዩ ወሰኖችን ያስቀምጣል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልዩ እርምጃ ይወሰድበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታዎች 18 አድርጎታል። በከባድ ምክንያት ከሁለት ዓመት የማይበልጥ ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ደግሞ ተጎጂዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ስትሆን እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል።

እነዚህ ወሰኖች ሁሉ የሚሠሩት ዕድሜው ሲታወቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ለጋብቻ የሚጠየቁበት ዕድሜ ላይ እየደረሱ ነው። ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ከምባቲ መንቲ ጌዚማ-ቶፔ ግርዛትንና ጠለፋን በማኅበረሰብ ውይይት ለማስቀረት በታገለበት በከምባታ፣ በአንጋጫ የምትገኝ አንዲት ልጅ ጉዳይዋ ፍርድ ቤት ቢደርስና የልደት ማስረጃ ባይኖራት፣ ልጅ ናት ወይስ አዋቂ የሚለው በሐኪም ወረቀት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ያ ወረቀት እርግጠኛ መስሎ መቅረብ የለበትም። ብዙ ጊዜ መመዘኛ የሚሆነው የግሪውሊክና የፓይል አትላስ የተመሠረተው ኑሯቸው በተሟላላቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ላይ ነው። የተመጣጠነ ምግብ እጥረትና ሥር የሰደደ ሕመም የአጥንትን ዕድገት ያዘገያሉ። በተቃራኒው የአንዳንድ ልጃገረዶች የእጅ አንጓ አጥንት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ዕድገቱን ይጨርሳል። በጤናማ ልጆች መካከል እንኳ እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ልዩነት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ አንድን ቁጥር ሳይሆን የዕድሜ ክልልን፣ የተጠቀመበትን ዘዴና የስሕተቱን መጠን መግለጽ ይገባዋል። የጥርስ ምርመራ፣ የአካል ዕድገት፣ የክትባት ካርድና የወላጆች ቃል አብረው ይታያሉ።

ማስረጃ በሁሉም አገልግሎት አይጠየቅም። ስለ ጽንስ ማቋረጥ የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ለዕድሜ ማረጋገጫ ታካሚዋ የተናገረችውና በካርዷ ላይ የሠፈረው በቂ መሆኑን ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኤች አይ ቪ ምርመራ መመሪያም 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ እንዲመረመር ፈቅዷል።

የቀን አጻጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። «2004» ተብሎ ያለ ዘመን ምልክት የተጻፈ የልደት ዓመት እንደ አውሮፓውያኑ ቢነበብ በልጅቷ ዕድሜ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ይጨምራል፤ የ14 ዓመት ልጅ በወረቀት ላይ የ21 ዓመት ሴት ትሆናለች።

ዘላቂው መፍትሔ ግን በማዋለጃ ክፍል ይጀምራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። የጤና ተቋማትም ልደትን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። አዋላጇ ዛሬ በጥንቃቄ ሞልታ የምትሰጠው የልደት ማሳወቂያ፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ ከማንኛውም ራጅ ይልቅ የሚተማመንበት ማስረጃ ይሆናል።