የቬትናም ተማሪና የእንግሊዝኛ ከባድ ቃላት

የሰው አገር ቋንቋ የተማረ ሁሉ የሚደርስበት አንድ አስቸጋሪ ሥፍራ አለ። ሰላምታ መለዋወጥ፥ ዋጋ መጠየቅ፥ ስለ ቤተ ሰቡ መጫወት ይችላል፤ መምህሩም አመስግኖታል፤ ዘመዶቹም «እገሌ እኮ ቋንቋውን ጨርሶታል» ይሉለታል። ነገር ግን የጋዜጣውን ርእሰ አንቀጽ ወይም አንድ የሕግ መጽሐፍ የገለጠ ዕለት፥ ያ ጨረስሁት ያለው ቋንቋ ገና መጀመሩ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህ ሥፍራ ላይ ብዙ ሰው ይቀራል። ምክንያቱን ቢጠይቁት «ቃላቱ በዙብኝ» ይላል።

ለዛሬው ጨዋታችን ከዚሁ ሥፍራ ላይ የቆመ አንድ የቬትናም ወጣት እንውሰድ። ስም አልሰጠውም። በሃኖይ ከተማ የሚማር፥ ሀያ ዓመት የሞላው፥ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ትምህርቱን ለመቀጠል ነጻ ዕድል የሚፈልግ ልጅ ነው እንበል። የቬትናም ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋር በዘር አይገናኝም። በጠባዩም ቢሆን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይሁን እንጂ የዚህ ልጅ ችግር የቃላቱ ብዛት አይደለም ባይ ነኝ። ችግሩ በገዛ ቤቱ ያለውን ሀብት ሳይቈጥር የሰው ሀብት ለመቍጠር መነሣቱ ነው። ነገሬን ላስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የቬትናም ቃል አጭር ነው፤ ትርጉሙም በዜማው ይለወጣል። አንዲት «ማ» የምትባል ድምፅ በስድስት ልዩ ልዩ ዜማ ስትነገር የሙት መንፈስ፥ ግን፥ እናት፥ መቃብር፥ ፈረስ፥ የሩዝ ችግኝ ትሆናለች። ግሡ አይረባም። እንደ እኛ «ሄድሁ፥ ሄድህ፥ ሄዱ» የሚባል ነገር የለም፤ ጊዜውንና ሰውየውን የሚያመለክቱ ሌሎች ቃላት ከጎኑ ይቆማሉ እንጂ ግሡ ራሱ ንቅንቅ አይልም። ፊደሉ ግን የላቲን ነው። ይህን ፊደል ያወጡለት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፥ ከእነርሱ አንዱ አሌክሳንድር ደ ሮድ የቬትናምን፥ የፖርቱጋልንና የላቲንን ቋንቋ የያዘ መዝገበ ቃላት በ1651 ዓ.ም. በሮማ አሳትመዋል። ስለዚህ ተማሪያችን እንግሊዝኛ ሲጀምር ለፊደል አይደክምም። የሚደክመው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ ምን ያደርጋል? ደብተር ይገዛል። ገጹን ለሁለት ይከፍልና በግራ የእንግሊዝኛውን፥ በቀኝ የአገሩን ቃል ይጽፋል። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፖል ኔሽን በ2006 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ አንድ ሰው ልብ ወለድ መጽሐፍ ወይም ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርስ የቃል ቤተ ሰብ ማወቅ እንደሚያስፈልገው ገምተዋል። ልጁ ይህን ሰምቶ ሒሳብ ይሠራል። በቀን ሠላሳ ቃል ቢያጠና፥ ዘጠኝ ሺህው በ300 ቀን ያልቃል። ዓመት እንኳ አይሞላም! ሒሳቡ ያምራል፤ ልጁን ያታለለውም ይኸው ሒሳብ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን በራሳቸው ላይ እየሞከሩ አጥንተው በ1885 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ እንደዚህ ያለው ጥናት አብዛኛው ክፍል ገና በመጀመሪያው ቀን ከአእምሮ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ከምንም ጋር ሳይያያዝ በዝርዝር የተጻፈ ባዕድ ቃል፥ ለሚያጠናው ሰው ትርጉም ከሌለው ድምፅ የሚለየው በጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሀብቱ እንምጣ።

በሃኖይ ከተማ በ1070 ዓ.ም. የተመሠረተ ቫን ሚዩ የሚባል የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ አለ። በግቢው ውስጥ በድንጋይ ኤሊዎች ጀርባ ላይ የቆሙ 82 የድንጋይ ጽላቶች ይታያሉ። ከ1442 እስከ 1779 ዓ.ም. በተደረጉት የመንግሥት ፈተናዎች ያለፉት ሊቃውንት ስም በእነዚህ ላይ ተቀርጿል። ለፈተና የሚቀርቡ ተማሪዎችም ለዕድል ብለው የኤሊዎቹን ራስ ሲዳስሱ ኖረዋል። እነዚያ ሊቃውንት የተፈተኑት በምን ቋንቋ ነበር? በገዛ ቋንቋቸው አልነበረም፤ በጥንታዊው የቻይና ጽሑፍ ነበር። ቻይና ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ111 ዓመት ጀምሮ እስከ አሥረኛው መቶ ዓመት ድረስ አገሪቱን ስትገዛ፥ ከዚያም በኋላ ቬትናም ራሷን ችላ ሳለች፥ የመንግሥትና የትምህርት ጽሑፍ ይኸው ነበር። የመጨረሻው የቤተ መንግሥት ፈተና በህዌ ከተማ የተደረገው በ1919 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የተነሣ የቬትናም ቋንቋ ሁለት ፎቅ ያለው ቤት ሆነ። በታችኛው ፎቅ የገበሬውና የእናት ቃል አለ፤ በላይኛው የሊቁና የዳኛው ቃል። ውሃ በታችኛው «ንዎክ» ሲባል በላይኛው «ትዊ» ይባላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም «ውሃ» እያለን «ማየ አይኅ» እንላለን፤ «የመጽሐፍ ቤት» ማለት ሲቻል «ቤተ መጻሕፍት» እንላለን። ለአማርኛ ግዕዝ የሆነለትን፥ ለቬትናም የቻይና ጽሑፍ ሆኖለታል፤ ለእንግሊዝኛም ላቲንና ግሪክ ሆነውለታል። ተማሪያችን «ከባድ ቃል» እያለ የሚፈራው የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኛው ከዚህ ከላይኛው ፎቅ የመጣ ነው። ቤቱ እንግዳ ቢሆንም አሠራሩን ያውቀዋል።

ምሳሌ እንመልከት። በቬትናም «ሆክ» ማለት ትምህርት ነው። «ሲን ሆክ» የሕይወት ትምህርት፥ «ተም ሊ ሆክ» የልብ ጠባይ ትምህርት ማለት ነው። እንግሊዝኛው እነዚህን ባዮሎጂና ሳይኮሎጂ ይላቸዋል፤ «ሎጂ» የቆመው ልክ «ሆክ» በቆመበት ሥፍራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ራሱ «ዳይ ሆክ»፥ ማለት ታላቅ ትምህርት ይባላል። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃና ወደ አገር የሚገባ ዕቃ በእንግሊዝኛ ኤክስፖርትና ኢምፖርት እንደሚባል ሁሉ፥ በቬትናምም መጨረሻው አንድ ሆኖ መጀመሪያው ብቻ «ውጭ» ወይም «ግባ» እያለ ይለወጣል። ለውጭ ጉዳይ ሠራተኛ የሚያስፈልጉት ዩኒላተራል፥ ባይላተራልና መልቲላተራል የሚባሉት ቃላትም እንደዚሁ ናቸው፤ ቬትናሙ «ፉኧንግ» የምትለውን «ወገን» የምትል ቃል ይዞ ከፊቷ ነጠላ፥ ጥንድና ብዙ የሚሉትን ይጨምራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ፔኒንሱላ የሚባለው ቃል ነው። እኛ «ባሕረ ገብ መሬት» እንለዋለን። የላቲኑ ሰው «ደሴት ለመሆን ጥቂት የቀረው» አለው። ቬትናሙ «ባን ዳው» ይለዋል፤ ግማሽ ደሴት ማለት ነው። ሁለቱ ከአንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

ሌላም አለ። በተራው የቬትናም ንግግር ስም ይቀድማል፤ «ፈረስ ነጭ» ይባላል። በላይኛው ፎቅ ቃል ግን «ባክ ማ»፥ ማለት «ነጭ ፈረስ» ነው፤ የእንግሊዝኛውም ሥርዓት ይኸው ነው። እንግዲህ ልጁ ከገጠር አያቱ አፍ ያላገኘውን ሥርዓት ከገዛ አገሩ የሊቃውንት ቃል ውስጥ ያገኘዋል።

በሁለት የተከፈለው ደብተር ይህን ሁሉ አያሳየውም። ሳይኮሎጂን ለብቻው፥ ባዮሎጂን ለብቻው፥ እንደ ሁለት ባዕድ ድንጋይ ያሸክመዋል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉት ሊቅ በ2000 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ የትምህርት መጻሕፍትና ጽሑፎች የሰበሰቧቸው፥ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያስፈልጉ የቃል ቤተ ሰቦች 570 ብቻ ናቸው። እነዚህ ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ ቃላት አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። አብዛኞቹ የላይኛው ፎቅ ቃላት ስለ ሆኑ፥ ልጁ ክፍል ክፍላቸውን ፈትቶ ከአገሩ ክፍል ጋር እያገናኘ ቢይዛቸው ሸክሙ ይቀልለታል።

ይህን ስል ሁሉ ነገር ተቃለለ ማለቴ አይደለም። ሀብቱ የማይረዳበት፥ እንዲያውም የሚያሳስትበት ሥፍራ አለ።

አንደኛው የቃሉ መልክ ነው። «ኵየት ዲን» የሚለው የቬትናም ቃል መወሰንም ነው፥ ውሳኔም ነው። እንግሊዝኛው ግን ዲሳይድ፥ ዲሲዥን፥ ዲሳይሲቭ እያለ በየሥፍራው ልብስ ይለውጣል። እኛ «ወሰነ፥ ውሳኔ፥ ወሳኝ» ስለምንል ከዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ቬትናሙ ግን አንዱን አውቆ ሁሉንም ያወቀ ይመስለዋል። ጆሮውም አይረዳውም። በቬትናም ቃል መጨረሻ ላይ የሚገኙት ተነባቢዎች ጥቂት ናቸው፤ «ስ» እና «ፍ» ከእነርሱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ናይን፥ ናይት፥ ናይስና ናይፍ የሚባሉት አራት ቃላት ለጀማሪ ጆሮ ወንድማማች ይሆኑበታል። የእንግሊዝኛ ቃል ምሥጢሩን ብዙ ጊዜ በጅራቱ ይሸከማል፤ ልጁ ደግሞ ጅራቱን አይሰማውም፤ ያልሰማውንም አይጽፈውም።

ሁለተኛው የቃሉ ጓደኛ ነው። ቬትናም «መብላት» የምትለውን ቃል ያላገባችበት ጉዳይ የለም። ሠርግ ይበላል፤ አዲስ ዓመትም ይበላል፤ በፎቶግራፍ ላይ አምሮ የሚታይ ሰው «ፎቶግራፍ ይበላል» ይባላል። ጉቦም ይበላል! (ከዚህ ላይ ከእኛ ጋር የተስማሙት በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለአንባቢ ግምት ትቼዋለሁ።) መድኃኒት፥ ክኒንም ቢሆን፥ ይጠጣል። ብርቱ ዝናብ «ትልቅ ዝናብ» ነው። ልጁ ይህን ይዞ «ቢግ ሬይን» ቢል ሰዋስው አላፈረሰም፤ ሆኖም እንግሊዙ ዝናብን ከሄቪ ጋር ነው ያጋባው። ለዚህ ጋብቻ ሕግ የለውም፤ ብዙ በማንበብ ብቻ ይታወቃል።

ሦስተኛው፥ በእኔ አስተያየት እጅግ የሚጎዳው፥ የአክብሮት ነገር ነው። በቬትናም የላይኛው ፎቅ ቃል ብዙ ጊዜ የአክብሮት ቃል ነው። ሴትን ለማክበር፥ ሞትን በጨዋ አነጋገር ለመግለጽ ወደ ላይ ይወጣል። እኛም በታላቅ ሰው ላይ «ሞተ» ማለት ከብዶን «ዐረፉ» እንላለን። ልጁ ይህን ጨዋነት ይዞ ለነጻ ትምህርት ዕድል የማመልከቻ ደብዳቤ ይጽፋል። «ዩዝ» ማለት ሲበቃው «ዩቲላይዝ»፥ «ቢጊን» ማለት ሲበቃው «ኮሜንስ» ይላል፤ ከየመስመሩ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ቃል ያኖራል። በልቡ አንባቢውን ማክበሩ ነው። ከባሕር ማዶ ሆኖ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ግን ልጁን አያውቀውም፤ ጨዋነቱንም አያይም። የሚያየው ትልልቅ ቃል የደረደረ፥ የሚናገረው ነገር ግን ያልያዘ አንድ ሰው ነው። ደብዳቤውን ወደ ጎን ያደርገዋል። ልጁም ያልተመረጠው ቃል ስላነሰው መስሎት፥ ወደ ደብተሩ ተመልሶ ሌላ ሠላሳ ቃል ይጨምራል።

ይህን ልጅ ባገኘው ኖሮ ደብተሩን አላስጥለውም፤ አከፋፈሉን ብቻ አስለውጠው ነበር። ለአንድ ቃል አንድ ገጽ ይስጠው። ከላይ ክፍሎቹን ይፍታ፥ ከጎናቸውም የአገሩን ክፍል ይጻፍ። ከሥር ልብሱን እስከ ጅራቱ ይጻፍ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ከዚያም ቃሉን ካገኘበት ጽሑፍ ውስጥ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ይገልብጥ፤ ማን የጻፈው፥ ለማን የተጻፈ መሆኑንም ያክልበት። በቀን ሠላሳ አይሆንለትም። አምስት ቢሆንለት መልካም ነው፤ አምስቱንም በማግሥቱ፥ በሳምንቱና በወሩ ተመልሶ ይጠይቃቸው።

በአገሩ የሊቃውንት ቋንቋ በየትውልዱ ተለዋውጧል። የቻይናው ጽሑፍ ሲቀር ፈረንሳይኛ ተተካ። ከፈረንሳይኛ የተረፈው ባመዛኙ የጣቢያ፥ የሳሙና፥ የቅቤና የሲሚንቶ ስም ስለ ሆነ ለዛሬው ተማሪ ብዙ አይጠቅመውም። ከ1975 ዓ.ም. በኋላ ሩስኛ ቅድሚያ አገኘ። በ1986 የኢኮኖሚ መሻሻል ሲታወጅ፥ በ1995 ደግሞ አገሪቱ የደቡብ ምሥራቅ እስያ መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንና ከአሜሪካ ጋር ግንኙነት ስታድስ፥ እንግሊዝኛ ሥፍራውን ያዘ። አያቱ ፈረንሳይኛ፥ አባቱ ሩስኛ፥ ልጁ እንግሊዝኛ የተማረበት ቤት በሃኖይ ቢገኝ አያስደንቅም። በ2024 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ደግሞ የገዥው ፓርቲ የፖለቲካ ቢሮ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ሁለተኛ ቋንቋ እንዲሆን መመሪያ አውጥቷል። ከሕፃናቱ ፊት የሚቆሙት መምህራን ግን ብዙዎቹ ራሳቸው ያደጉት በዚያው ለሁለት በተከፈለ ደብተር ነው።