በሥራ መካከል ስለሚገኝ ደስታ

ከጧት እስከ ማታ በሥራ የሚደክም ሰው ብዙ ጊዜ በልቡ የሚያሳድረው አንድ አሳብ አለ። ይኸውም «ይህ ሥራ ሲያልቅልኝ፥ ያን ጊዜ ደስ ይለኛል» የሚል ነው። ነገር ግን አንዱ ሥራ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፤ ደስታውም ለነገ እየተባለ ዕድሜ ያልፋል። ዛሬ ልንገልጸው የምንወደው ነገር፥ ደስታ የሥራን ማለቅ ሳይጠብቅ በሥራው መካከል የሚገኝ መሆኑን ነው።

ለዚህ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከደብረ ታቦር በወልድያ መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ገሳይ የምትባል የደጋ ከተማ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ከፍታው ከ4000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራም በአቅራቢያዋ ነው። በዚህ ደጋ ክረምት የዕረፍት ወራት አይደለም። ዝናሙ ሲበረታ አረሙም ይበረታልና፥ ገበሬው በጭቃ ውስጥ ሲያርም፥ እረኛውም በብርድና በጉም ከብት ሲጠብቅ ይውላል። ሕዝቡ ቡሄ የሚለው የደብረ ታቦር በዓል የሚከበረው በዚሁ በሥራው መካከል፥ ነሐሴ 13 ቀን ነው።

በዚያን ዕለት እረኞች የሚያጮኹት ምንድር ነው? ጅራፍ ነው። ጅራፍ በሌላው ቀን በሬ የሚነዳበት የሥራ ዕቃ ነው፤ በቡሄ ግን አባቶቻችን ድምፁን በታቦር ተራራ ለተሰማው ለአብ ድምፅ ምሳሌ አድርገው ይተረጉሙታል። እናቶችም ሙልሙል ጋግረው ለልጆቹ ይሰጡአቸዋል። እንግዲህ የድካም ዕቃ የነበረው የደስታ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛው፥ ሥራችን ለማን እንደሚጠቅም ማወቅ ነው። መምህር የደብተሩን ክምር ብቻ ካየ ይሰለቻል፤ ከደብተሩ በስተኋላ ያለውን ልጅ ካየ ግን ይበረታል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ከፋይሉ በፊት፥ ከሩቅ ቀበሌ ተጉዞ የመጣውን ባለጉዳይ ይመልከት።

ሁለተኛው፥ ለብቻ አለመድከም ነው። ገበሬዎቻችን ወንፈል ሲገቡ፥ ዛሬ የአንዱን ማሳ ሁሉም ያርሙለታል፤ ነገ ደግሞ እርሱ የሌላውን ያርማል። የአረሙ ብዛት ያው ሲሆን፥ በጨዋታና በዜማ ስለሚሠሩት ይቀልላቸዋል። በከተማም ወንፈል ሊኖር ይችላል። ባልና ሚስት ሁለቱም ከሥራ ደክመው ሲገቡ፥ ሚስት ወጥ ስትሠራ ባል ልጆቹን ቢያጥብና ቢያስጠና፥ ይህ የቤት ወንፈል ነው።

ሦስተኛው፥ ለሥራ ወሰን ማበጀት ነው። ዛሬ ስልክ የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ እስከ እራት ገበታ ድረስ ያመጣል፤ ስለዚህ በገበታ ጊዜ ስልኩን ማራቅ መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፥ ሠራተኛውም በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ደንግጓል።

ይህን ስንል ችግር የለም ማለታችን አይደለም። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃውን ሰው «ደስ ይበልህ» ብሎ ማለፍ በድካሙ ላይ መሳለቅ ነው። አሠሪ የሆነ ሰው ደስታን ከመምከሩ አስቀድሞ የድካምን ዋጋ በጊዜው ይክፈል፤ የዕረፍትን ቀን ያክብር።

ጴጥሮስ በታቦር ተራራ ባየው ብርሃን ደስ ብሎት ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያ ሊቀመጥ ወዶ ነበር። ነገር ግን ወረዱ፤ ከተራራውም ግርጌ ልጁ የታመመበት አባት ሲጠብቃቸው አገኙ። ደስታ ከሥራ መሸሸጊያ ሆኖ አልተሰጣቸውም፤ ይዘውት ወደ ሥራ ወረዱ እንጂ። እኛም ነገ ጧት ወደየሥራችን ስንሄድ፥ የምንጠቅመውን አንድ ሰው በልባችን ይዘን፥ የደከመውን አንድ ባልንጀራ አግዘን፥ ማታም ሥራውን በሰዓቱ ትተን ወደ ቤተ ሰባችን እንመለስ። እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።