በቆላ ጉዞ ላይ ሰው ሲዘባርቅ፦ ወባ ነው ወይስ ሙቀት?

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ «ለዕረፍት ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልንሄድ ነው፤ ምን እንያዝ?» የምትሉኝ አላችሁ። የወባ አጎበር ትዘው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ስለ ሙቀቱ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ማታ ላይ ደህና አየር አላት። ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ ጉባ ስትወርዱ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰውነት እሱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል።

አንድ መጋቢት ላይ ከጓደኞቼ ጋር በዛ ቆላ በእግር ስንጓዝ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ አንዱ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። «የት ነን?» ስለው «መገናኛ» አለኝ። ቴርሞሜትሩ 40.3 አሳየ። «ወባ ነው፣ ፓራሲታሞል ስጡት» ያሉ ነበሩ። ማንጎ ዛፍ ጥላ ስር አስተኝተን፣ ልብሱን አውልቀን፣ የያዝነውን ጀሪካን ውሃ አፈሰስንበት፤ በነጠላ እያራገብን መኪና አስጠራን። ከ20 ደቂቃ በኋላ በስሜ ጠራኝ። ጤና ተቋም ሲደርስ የወባ ምርመራው ነጻ ነው ተባለ። ሙቀት መትቶት ነበር፤ ሂት ስትሮክ የምንለው።

ፓራሲታሞል ለምን አይሠራም? በወባ ጊዜ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው አንጎላችን ራሱ ነው፤ መድኃኒቱም እሱን ያበርዳል። በሂት ስትሮክ ግን ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል። ክኒኑ አያበርደውም፤ እንዲያውም የተጎዳ ጉበትን ሊያባብስ ይችላል። «ላብ አለው፣ ስለዚህ ሙቀት አይደለም» አትበሉ፤ እየተጓዘ የተመታ ሰው ሊያልበው ይችላል።

ምን እናድርግ?

▪ መዘባረቅ፣ መንገዳገድ ወይም ራስን መሳት ካለ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማቀዝቀዝ ሕይወት ያድናል። መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዛ አጓጉዙ።
▪ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በግድ አታጠጡ፤ ወደ ሳንባ ይገባል።
▪ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።
▪ ጤና ተቋም ሲደርስ የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ወባም አንጎልን ያጠቃልና።

ከጉዞው በፊትስ? ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት በእግር አትጓዙ። ብዙ የሚያልባችሁ ከሆነ ባዶ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኦአርኤስም ጠጡ፤ የጨው ማነስም ያዘባርቃል። ብቻችሁን አትሂዱ። የተመታ ሰው መታመሙን ራሱ አያውቅም፤ የሚያየው አጠገቡ ያለው ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በሐጅ ወቅት በመካ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ጥላ በሌለበት በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ «ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ በዛው ቀን የወባ ምርመራ አድርጉ። ቆላ ሄዳችሁ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩት።

ለጉዞ ለተዘጋጀ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጉዞ!