አንድ ኪሎ ሜትር ምን ምን ይበላል?

ከጅማ ወዲያ፣ በሸቤ በኩል ሥራው ገጠር የሚያስገባው ሰው ያለ ሞተር ብዙ አይርቅም። የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት ይዞ የሚወጣው የጤና ሠራተኛ፣ በጥቅምትና በኅዳር እሸት ቡና ለመረከብ ከጣቢያ ጣቢያ የሚሯሯጠው ተቀባይ፣ ሁሉም ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃ መግባት አለበት። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ጋራዥ ሲገባ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይኖር ሲቀር፣ የግል ሞተር ይነሣል። መኪና ያለውም መኪናውን ያስነሣል። አሠሪው በቅንነት «ነዳጁ በእኛ ነው» ይላል፤ ሠራተኛውም አመስግኖ ይሄዳል።

ነዳጁ በእነሱ ከሆነ ሌላው በማን ነው? መልሱን የሚያውቀው በየቀኑ ዓይንዎ የሚያርፍበት የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። እስቲ ዛሬ ውስጡን እንየው።

ሞተርዎ ቁጥሩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ፣ ከፊት ጎማው መሐል ተነሥቶ ወደ መሪው የሚወጣ ጥቁር ገመድ ይፈልጉ። በላስቲኩ ውስጥ ቀጭን የተጠማዘዘ ሽቦ አለ። ጎማው ሲዞር ሽቦውም አብሮ ይዞራል። ላይ ሲደርስ ትንንሽ ጥርሶች ዙሩን እያዘገዩ ለቁጥሮቹ ያስረክቡታል። የመጨረሻው ቁጥር ከ0 እስከ 9 ዞሮ ሲጨርስ ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ጥርስ ጎረቤቱን በአንድ ቁጥር ገፋ ታደርገዋለች፤ እሱም አሥር ሲሞላ ቀጣዩን። ባትሪ አያስፈልገውም። ሞተሩ ጠፍቶ ዓመት ቢቆም እንኳ ያደረበትን ቁጥር አይረሳም።

ዲጂታል ከሆነ ሽቦው ቀርቶ ዙሩን የሚቆጥር ሴንሰር ገብቷል። ሥራው ግን ያው ዙር መቁጠር ነው።

አሁን ይሞክሩት። በጠመኔ ጎማው ላይ አንድ መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ መሬት የነካበትን ቦታም ምልክት ያድርጉበት። ሞተሩን ቀስ ብለው እየገፉ መስመሩ ተመልሶ መሬት ሲነካ ያቁሙና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። በአብዛኛው ሞተር 1.9 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የትንሽ መኪና ጎማም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ አንዲት ኪሎ ሜትር ከ500 ዙር በላይ ናት። ከሸቤ በበለጠ ደን አቋርጠው፣ ሰቃን አልፈው ጅማ ሲገቡ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎማዎ ከ26 ሺህ ጊዜ በላይ ዞሯል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ ጎማው ከገላው ጥቂት መንገዱ ላይ ይተዋል።

ይህ መበላት ራሱ ቆጣሪው ላይ ይታያል። አዲስ የመኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ጥርሱ ሲያልቅ ጎማው ስለሚያንስ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ ይዞራል፤ ቆጣሪው ደግሞ የሚያውቀው ዙር እንጂ መንገድ አይደለም። ስለዚህ ጎማው ያለቀበት መኪና 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ እስከ 102 ሊጽፍ ይችላል።

በሞተርዎ የኋላ ጎማ ጥርስ መሐል የአንድ ብር ሳንቲም በቁሙ ያስገቡና እስከ የት እንደገባ በስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። ሳንቲሙን ከቆጣሪው ቁጥር ጋር በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡት። ከአንድ የቡና ወቅት በኋላ ተመልሰው ይለኩ። ለመሥሪያ ቤቱ ሲሉ የከሰሩት በሚሊ ሜትር ተለክቶ እጅዎ ላይ ይገኛል።

ነዳጁንም እንለካው። ማደያ ገብተው ታንከሩን አፍ እስኪደርስ ይሙሉና የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ። እንደ ወትሮው ይሥሩበት። ሲመለሱ እንደገና አፍ እስኪደርስ ይሙሉና ቁጥሩን ዳግም ይጻፉ። የሄዱትን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ለገባው ሊትር ሲያካፍሉ አንዱ ሊትር ስንት እንዳስኬደ ያገኙታል። ይህን በአስፋልት ብቻ አይለኩ። በክረምት በአንደኛ ማርሽ ጭቃ የሚያምስ ሞተር እና ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል የሚወርድ ሞተር አንድ ዓይነት አይጠጡም።

እዚህ ላይ የደረሰኝ ጣጣ አለ። ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን የገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ ዋጋውም ከማደያው በላይ ነው። ለእሱ ደረሰኝ የሚሰጥ የለም። «ደረሰኝ ካላመጣህ አልከፍልም» የሚል ፋይናንስ ሠራተኛ ደንቡን እየጠበቀ ነው፣ አልፈርድበትም፤ ግን የሚጎዳው መንገድ የሄደው ሰው ነው። በኪሎ ሜትር የሚከፈል ተመን ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል፤ የሚያስፈልገው ማስረጃ የመነሻና የመመለሻ ቁጥር ብቻ ነውና። ማደያ የገዙበትን የቴሌብር መልእክትም አይሰርዙት፤ ዋጋውን ያስረዳል።

አሁን እርሳስ ይያዙ። ከዚህ በታች የማስቀምጣቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ናቸው፤ እርስዎ በራስዎ ዋጋ ይተኳቸው። ሊትሩ 120 ብር፣ አንዱ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ፣ ነዳጅ በኪሎ ሜትር 3 ብር ነው። ዘይት በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ በ900 ብር ቢቀየር 45 ሳንቲም ይጨምራል። ሁለቱ ጎማዎች 6,000 ብር ወጥቶባቸው 15,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግሉ 40 ሳንቲም፤ ካቴናው ከነጥርሱ 3,000 ብር ሆኖ ያንኑ ያህል ቢቆይ 20 ሳንቲም። ኢንሹራንስና ቦሎ በዓመት 3,000 ብር ቢፈጁ፣ ሞተሩም በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 25 ሳንቲም። እስካሁን 4 ብር ከ30 ደረስን።

ትልቁ የሚረሳው ግን ቀርቷል፤ እሱም የሞተሩ እርጅና ነው። በ150,000 ብር የገዙትን ሞተር 60,000 ኪሎ ሜትር ነድተውበት በ90,000 ቢሸጡት፣ የጠፋው 60,000 ብር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ብር ሆኖ ሄዷል። ገንዘቡ የሚወጣው ከጎተራ በእፍኝ እንደሚዘገን እህል ነው፤ በየዕለቱ አይታወቅም፣ የሚታወቀው ገዢ መጥቶ ዋጋ ሲጠራ ነው። ድምሩ 5 ብር ከ30 ሳንቲም። በወር 800 ኪሎ ሜትር ለሥራ የሄደና የነዳጅ ብቻ የተከፈለው ሰው በየወሩ 1,840 ብር ከኪሱ አውጥቶ ለአሠሪው ሰጥቷል። በዓመት ከ22 ሺህ ብር በላይ ነው። ልጅ የሚያስተምር ገንዘብ ነውና እንደ ቀላል ነገር መታለፉ ያሳዝነኛል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለመኪና በየዓመቱ በማይል ተመን ያወጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. ተመኑ 67 ሳንቲም ሲሆን ከዚያ ውስጥ 30 ሳንቲሙ የእርጅና ተብሎ የተያዘ ነው። ከግማሽ ብዙም አያንስ። እንግሊዞች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ተመን ደግሞ መኪና ለመጀመሪያዎቹ 10,000 ማይሎች 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 25 ፔንስ ይታሰብለታል። የሚቀንሰው ኢንሹራንስና የዓመት ምርመራ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚከፈሉ ነው፤ ብዙ በነዱ ቁጥር እነሱ ተሸፍነው ያልቁና የሚቀረው ነዳጅ፣ ጎማና ጥገናው ይሆናል። ሞተር 24 ፔንስ አለው። ሳይክል እንኳ 20 ፔንስ ይከፈለዋል፤ ቤንዚን አንዲት ጠብታ ሳይጠጣ።

ወደ እኛ ሕግ እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ የሚያቀርበው አሠሪው እንደሆነ ይናገራል። ሞተሩ የሥራ መሣሪያ ከሆነ የእርስዎ ሞተር መሄዱ ለአሠሪው የተደረገ አቅርቦት ነው። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 53 የትራንስፖርት አበልን ከደመወዝ ለይቶታል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ በሥራ ላይ ለወጣ የጉዞ ወጪ መተኪያ የሚከፈለውን፣ በመመሪያ የተቀመጠውን ሁኔታ እስካሟላ፣ ከግብር ነፃ ያደርጋል። ስለዚህ «ደመወዝህ ላይ ትንሽ እንጨምርልህ» ቢባሉ ይጠንቀቁ፤ ደመወዝ ላይ የተደመረ ግብር ይቆረጥበታል። ለየብቻ፣ በጉዞ መዝገብ ተደግፎ ሲከፈል ነው ሙሉው የሚገባዎት።

ለአሠሪውም ፍትሕ ይገባዋል። ከቤት እስከ ቢሮ ያለው መንገድ የእርስዎ ነው፤ እሑድ ለቅሶ የሄዱበትም እንደዚሁ። ለዚህ ነው ደብተሩ የሚያስፈልገው፦ ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን ጉዳይ፣ የመነሻና የመመለሻ ቁጥር። ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ ክርክር አይኖርም።

አንድ ነገር ሳይዘነጋ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግድ የሚገባው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚክሰው እርስዎ የጎዱትን ሌላ ሰውና ንብረት ነው። በበለጠ ጠመዝማዛ ላይ ተንሸራተው የራስዎ ሞተር ቢሰበር አይሸፍንም። በሥራ ላይ ቢሆን ማን ያሠራዋል? ይህ ከመውጣትዎ በፊት በጽሑፍ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ለኃላፊው መንገሩ ከባድ ከመሰለዎ እንዲህ ይበሉ፦ «ጋሼ፣ የነዳጁ ነገር እንዳለ ሆኖ በኪሎ ሜትር ብንነጋገር ለሁለታችንም ይቀላል። ሒሳቡን ሠርቼ መጥቻለሁ።» ሒሳብ ይዞ የቀረበ ሰው ልመና ላይ አይደለም።

በስምምነቱ ላይ አንዲት መስመር እንድትገባ አጥብቀው ይጠይቁ፦ የነዳጁ ዋጋ ሲቀየር ተመኑም አብሮ እንዲቀየር። በሰኔ 2014 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በአንድ ጊዜ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ወጣ። በዚያው ወር አሜሪካኖች ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ተመናቸውን ከ58.5 ወደ 62.5 ሳንቲም ከፍ አደረጉ። የእኛ ሊትር በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከ100 ብር አለፈ፤ እንደ ጅማ ከአዲስ አበባ ርቆ ላለ ከተማ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል። ስለዚህ ተመኑን የአዲስ አበባን ሳይሆን የጅማ ወይም የሸቤ ማደያን ዋጋ ይዘው ይሥሩት። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ የጨመረውን ብር አንድ ሊትር ለሚያስኬደው ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። ሊትሩ 10 ብር ቢጨምርና ሞተርዎ በሊትር 40 የሚሄድ ቢሆን፣ ተመኑ ላይ 25 ሳንቲም ይታከላል። ቢቀንስም እንዲሁ 25 ሳንቲም ይነሣለታል።