የመኪና ጢስና የሱቅ ቦታ

የሱቅ ቦታ የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው የኪራዩን ዋጋና የመንገደኛውን ብዛት ነው። መኪና የሚበዛበት ጎዳና ገበያተኛም ስለሚበዛበት ይመረጣል። ከዚያው ጎዳና የሚነሣው ጢስ በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሆኖም ይህ በሒሳብ የሚታወቅ ጉዳይ ነው።

የሒሳቡ መሠረት ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ ገቢና ወጪ ነው። ገቢው በሰዓት የሚያልፉት መኪናዎች ቁጥር፥ እያንዳንዱ በኪሎ ሜትር በሚተፋው ጢስ ተባዝቶ ይገኛል። ወጪው የነፋስ ሥራ ነው። በሜዳ በተዘረጋ መንገድ የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስ የጢሱ ክምችት በእጥፍ ያድጋል፤ ከመንገዱ ጥቂት መቶ ሜትር ከተራቀ በኋላ ግን ጢሱ ሳስቶ ከከተማው አየር ጋር ይቀላቀላል።

በግራና በቀኝ ረጃጅም ፎቅ የቆመበት ጎዳና ግን እንደ ሸለቆ ነው። ነፋስ በጣራዎች ላይ ጎዳናውን አቋርጦ ሲያልፍ፥ ከፊሉ የማዶውን ግድግዳ ተከትሎ ይወርድና ከመሬት ሲደርስ ወደ መጣበት ይዞራል፤ የመኪናውንም ጢስ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ነፋስ ከምሥራቅ ሲነፍስ ይበልጥ የሚታፈነው፥ ብዙ ሰው እንደሚገምተው የምዕራቡ ሳይሆን የምሥራቁ ወገን ባለሱቅ ነው። ነፋሱ በጎዳናው ቁመት ሲነፍስ ግን ይህ ልዩነት አይታይም።

የዴንማርክ ሊቃውንት ይህን በ1989 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ቀምረው፥ ኮፐንሀገን ውስጥ ያግትቫይ በተባለው ጎዳና ከተተከለ መለኪያ ጋር አስተያይተውታል። ቀመራቸው ከጭስ ማውጫው በቀጥታ የሚመጣውን፥ በሸለቆው ውስጥ የሚሽከረከረውንና ከከተማው የሚገባውን ጢስ ይደምራል። ነፋስ ጸጥ ባለ ጊዜ አየሩን የሚያናውጡት መኪናዎቹ ራሳቸው መሆናቸውንም አልዘነጋም።

ጉዳዩ ከጠዋት እስከ ማታ በደጃፍ የሚቆመውን ሠራተኛ ጤና የሚነካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቀድሞ የመከረውን 40 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ የዓመት አማካይ ወደ 10 ዝቅ አድርጎታል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ የገቡት ገና ብዙ ዘመን ይነዳሉ፤ የጎማና የፍሬን ብናኝም በኤሌክትሪክ መኪና አይቀርም።

ሕንፃ ለማሠራት ያሰበ ነጋዴ ይህን ሒሳብ ከመሐንዲሱ ሊጠይቅ ይችላል። የሚያስፈልገው የጎዳናው ስፋት፥ የፎቁ ቁመት፥ የሚያልፉት መኪናዎች ቁጥርና የአካባቢው የነፋስ መዝገብ ነው።